የአጋዘን ጥርስ የሚያወራው ስለ መጨረሻው ምሳ ብቻ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ እጄ ገባ። የጥንት አጋዘኖች ምን ይበሉ እንደነበርና የት ይኖሩ እንደነበር ከጥርሳቸው ማወቅ ይቻላል የሚለውን ምርምር ድራሹን ለማጥፋት የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ነገሩን ከጥንቆላ እምብዛም አይለዩትም። አጻጻፋቸው ያምራል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ግማሹ እውነት ስለሆነ ሌላው ግማሽ ሳይፈተሽ አብሮ ያልፋል።

ያሉትን ባጭሩ ላስቀምጥ። የአጋዘን ጥርስ አጭር ነው፣ ስለዚህ ቅጠል በል የጫካ እንስሳ መሆኑ ድሮም የታወቀ ነው ይላሉ። ጥርስ ላይ የሚታየው ጭረት እንስሳው ሊሞት ሰሞን የበላውን ብቻ ያሳያል ይላሉ። ጭረቱን የሚሠራው ደግሞ አቧራ እንጂ ምግብ አይደለም ይላሉ። ያንኑ ጥርስ ሁለት ሰው ቢቆጥረው ሁለት ቁጥር ይወጣል። ኬሚካላዊ ምርመራውም አፈር ውስጥ ስንት ሺህ ዓመት በተቀበረ ነገር ላይ ስለሚሠራ አይታመንም። መጨረሻ ላይ የአየርላንዱን ግዙፍ አጋዘን ያነሳሉ። ያን የሚያህል ቀንድ ይዞ ጫካ መግባት አይቻልም፣ ስለዚህ የሜዳ እንስሳ ነው፣ የጠፋውም በቀንዱ ምክንያት ነው፣ ጥርስ ማየት ምን ያደርጋል ብለው ይዘጋሉ።

በተራ ልሂድበት። አጋዘን ስል የሰርቪዴን ቤተሰብ ማለቴ ነው፤ አብዛኞቹ ወንዶች ቀንዳቸው በየዓመቱ እየረገፈ እንደገና የሚበቅልላቸውን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥርሱ አጭር ስለሆነ የጫካ ነው ስለሚለው

የጥርስ ቁመት ትክክለኛ መረጃ ነው፤ ይህን አልክድም። ሣር ጥርስ ይጨርሳል። ውስጡ ሲሊካ የሚባል፣ አሸዋ ውስጥም የሚገኝ ጠንካራ ነገር አለ። መሬት ላይ ስለሚበቅልም አፈር ይዞ ነው አፍ የሚገባው። ሣር ሲግጡ የኖሩ የእንስሳት ዘሮች በረዥም ዘመን ውስጥ ረዣዥም ጥርስ ያወጡት ለዚህ ነው። ፈረስን ማየት ይበቃል። ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ የታችኛውን ሦስተኛ መንጋጋ ጥርስ ቁመት ለስፋቱ አካፍለው ይለኩታል። በዚህ ልኬት አብዛኞቹ አጋዘኖች ከአጫጭሮቹ ወገን ይመደባሉ። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንጣላም።

እስኪ አሁን ሬንዲርን እንውሰድ። እሱም አጋዘን ነው። ጥርሱ አጭር ነው። ትልልቆቹ መንጋዎች ግን በጋውን የሚያሳልፉት ዛፍ በሌለበት በሰሜኑ ቀዝቃዛ ሜዳ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ በረዶውን በሰኮናቸው እየጫሩ ላይክን የሚባለውን ድንጋይና መሬት ላይ ተለጥፎ የሚበቅል ሽበት መሳይ ነገር ይበላሉ። ሬንዲር ዛሬ በሕይወት ባይኖርና ያገኘነው ቅሪተ አካሉን ብቻ ቢሆን፣ በጸሐፊው ቀመር የጫካ ቅጠል በል ብለን መዝግበነው እናልፍ ነበር። ስህተቱ ቀላል አይደለም። ጫካ ባልነበረበት አገር ጫካ እናበቅል ነበር ማለት ነው።

የጥርስ ቁመት የሚያወራው ስለ እንስሳው አይደለም። ስለ ቅድመ አያቶቹ ነው። ዘሩ በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች በሚቆጠር ዓመት ውስጥ ምን ሲቋቋም እንደኖረ ይናገራል። ይሄኛው እንስሳ በዕድሜው ምን በላ የሚለውን ግን ከቁመቱ አናገኘውም። አጭር ጥርስ ሣር መብላትን አይከለክልም። ቶሎ ማለቁ ነው ዋጋው።

እንስሳው ራሱ የበላውን ለማወቅ ጥርሱ እንዴት እንዳለቀ ማየት ያስፈልጋል። በ2000 የቀረበውና ሜሶዌር የሚባለው ዘዴ ይህን ነው የሚያደርገው። ማይክሮስኮፕ እንኳ አይፈልግም። የላይኛውን ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ታነሱና በጉንጭ በኩል ከጎን ታዩታላችሁ። ሁለት ጫፎች አሉት። ጫፉ ሹል ነው? ክብ ነው? ወይስ ደንዝዟል? በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ዝቅታስ ጥልቅ ነው ወይስ ተስተካክሎ ጠፍጥፏል? ቅጠል ለስላሳ ስለሆነ የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ጋር በቀጥታ ይፋተጋል፤ ቢላ በቢላ እንደሚሳለው ጫፉ ስል ሆኖ ይቆያል። ሣር ግን መሀል ገብቶ ጫፉን ይሞርደዋል። ገና ማለቅ ያልጀመረ የግልገል ጥርስና እስከ ድዱ ያለቀ የሽማግሌ ጥርስ አይቆጠሩም። ከአንድ ቦታ አሥርና ሃያ ጥርስ ካልተገኘም ደፍሮ መናገር አይገባም።

ይህ በወንበር ላይ የተፈጠረ ሐሳብ አይደለም። የጃፓኑ ሲካ አጋዘን አንድ ዝርያ ነው። ወደ ሰሜን ያሉት መንጋዎች ድንክ ቀርከሃና ሌላ ሣር ያበዛሉ። ወደ ደቡብ ያሉት ቅጠልና ፍሬ ያዘወትራሉ። በ2014 የታተመ ጥናት የተለያዩ የሲካ መንጋዎችን ጥርስ ከሚታወቀው ምግባቸው ጋር አስተያየ። የጥርሱ ማለቅ ከሣሩ ድርሻ ጋር አብሮ ሲሄድ ተገኘ። አንድ ዝርያ፣ የተለያየ ማዕድ፣ የተለያየ የጥርስ ጫፍ። አጋዘን ከሆነ ጫካ ነው የሚለው አባባል እዚህ ላይ ውሃ አያነሳም።

የመጨረሻው እራት

ይህ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ነው። ስለዚህ ትንሽ ቆም ልበልበት።

በማይክሮስኮፕ የሚታዩት ጭረቶች ዕድሜያቸው አጭር መሆኑ እውነት ነው። ጥርሱ ሲያኝክ አሮጌው ጭረት ይጠፋል፣ አዲስ ይተካል። የሚቀረው በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት የሚቆጠር ትዝታ ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ይህን ያጋለጡት አድርገው ነው ያቀረቡት። ኧረ ስሙን ራሱ ያወጡት ተመራማሪዎቹ ናቸው! የመጨረሻው እራት ችግር እያሉ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲነጋገሩበት ኖረዋል።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ብናይ ክርክሩ ይቀላል። ጥርሱ መጀመሪያ በአሴቶንና በአልኮል ይጸዳል። ከዚያ የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ዓይነት ሲሊኮን ይቀባበታል። ሲረጋ ይላጣል። የመጀመሪያው ልጣጭ የቀረውን ቆሻሻ ይዞ ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ ይጣላል፤ የሚያገለግለው ቀጥሎ ያለው ነው። በእሱ ላይ ኤፖክሲ የሚባል የሚደርቅ ሙጫ ይፈስና ጥርት ያለ የጥርሱ ቅጂ ይወጣል። ቅጂው በ35 እጥፍ ማጉያ ሥር ይገባል። መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገው ሲያበሩበት ባዶ ይመስል የነበረው ገጽ ድንገት በመስመር ይሞላል። 0.4 በ0.4 ሚሊሜትር በሆነች ካሬ ውስጥ ያሉት ጭረቶችና ጉድጓዶች ይቆጠራሉ። ሣር የበላ ጥርስ ጭረት ይበዛበታል፤ ጭረቶቹም ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላሉ። ቅጠል የበላው ጭረቱ ያንሳል። ጠንካራ ፍሬ ወይም ቅርፊት የነካካው ደግሞ ሰፋ ሰፋ ያሉ ጉድጓዶች ይታዩበታል።

አሁን ወደ ሙግቱ። አንድ ጥርስ የአንድ እንስሳ የመጨረሻ ሳምንት ነው፤ እሺ። ሃያ ጥርስስ? ሃያ እንስሳት በአንድ ቀን አልሞቱም። አንዱ በጸደይ፣ ሌላው በመኸር፣ ሌላው በክረምት ሞቷል። የሃያ እንስሳት የመጨረሻ ሳምንት ሲደመር የመንጋውን ዓመት ይመስላል። ደግሞ ሁሉም ጥርስ አንድ ዓይነት ጭረት ካለው ሌላ ነገር ይነግረናል፤ ሁሉም በአንድ ወቅት ሞተዋል ማለት ነው።

ይህች ነገር ለአርኪዮሎጂ ትልቅ ጥቅም አምጥታለች። በደቡብ ፈረንሳይ አራጎ የሚባል ዋሻ አለ። በውስጡ የጥንት ሰዎች አድነው የበሏቸው እንስሳት ቅሪት በብዛት ተገኝቷል። ተመራማሪዎች እንደዚህ ባሉ ቦታዎች የታደኑትን እንስሳት ጭረት አንዱን ከሌላው እያነጻጸሩ ሰዎቹ ምን ያህል እንደቆዩ ለመገመት ይጠቀሙበታል። ጭረቱ ከተቀራረበ አደኑ ለአጭር ወቅት ነበር። ከተበታተነ ረዘም ላለ ጊዜ ወይም በተለያየ ወቅት ተመላልሰዋል። ጸሐፊው ጉድለት ያሉት አጭር ትዝታ እዚህ ላይ ሥራ የያዘ ሰዓት ሆኖ አረፈው።

ዋናው ጉዳይ ግን ወዲህ ነው። በአንድ ጥርስ ላይ አንድ ምስክር ብቻ የለም። ቁመቱ የዘሩን ረዥም ታሪክ ይይዛል። የጫፉ ቅርጽ የእንስሳውን ወራትና ዓመታት ይይዛል። ጭረቱ የመጨረሻ ሳምንቶቹን ይይዛል። ኢናሜሉ፣ ማለትም ጠንካራው የጥርስ ሽፋን፣ ውስጥ ያለው ኬሚካል ደግሞ ጥርሱ ሲሠራ የነበረውን ጊዜ ይይዛል፤ ያም በልጅነቱ ነው። አራቱ የተለያየ ነገር ሲናገሩ ጸሐፊው ያዙልኝ፣ ተጣሉ ይላሉ። አልተጣሉም። የተጠየቁት ስለተለያየ ጊዜ ነው።

ቁመቱ አጭር፣ ጫፉ የደነዘ፣ ጭረቱ ደግሞ የቅጠል የሆነ ጥርስ ቢገኝስ? ለጸሐፊው ይህ ግራ መጋባት ነው። እኔ ግን እንዲህ አነበዋለሁ። ዘሩ ከቅጠል በሎች ነው። ይህ እንስሳ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን ሻካራ ነገር ሲበላ ኖሯል። ሲሞት ግን ወቅቱ ቅጠል የሚገኝበት ነበር። ከዚያው ንብርብር የወጡት ሌሎቹም እንደዚያ ከሆኑ ስለ ወቅቱ እርግጠኛ እየሆንን እንሄዳለን። ከምስክሮቹ መለያየት የወጣው እውቀት ከመስማማታቸው ከሚወጣው ይበልጣል።

አቧራ ነው የሚባለው

ጸሐፊው እዚህ ላይ የተደገፉት ባዶ ነገር ላይ አይደለም። በሣር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የሲሊካ ቅንጣቶች ፋይቶሊት ይባላሉ። ጥርስን የሚጭሩት እነሱ ናቸው ተብሎ ለረዥም ጊዜ ሲታመን ነበር። በ2007 የወጣ ጥናት ግን የበግ ኢናሜል ከፋይቶሊት ይልቅ ጠንካራ ሆኖ አገኘው። በ2013 የታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ ኢናሜልን ቆርጦ የሚያነሳው የኳርትዝ (አሸዋ ውስጥ የሚገኝ ጠንካራ ማዕድን) አቧራ ነው፣ ፋይቶሊት የሚያደርገው ገፋ አድርጎ ምልክት መተው ብቻ ነው አለ። ጽሑፉ ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሰዋል።

ታሪኩ ግን ቀጥሏል። በ2016 የታተመ ሙከራ ላይ በጎች የታወቀ መኖ ተሰጣቸው። ገሚሶቹ ሣር፣ ገሚሶቹ ክሎቨር የሚባል ቅጠላማ መኖ፤ ለአንዳንዶቹ መኖው ላይ ሆን ተብሎ አቧራ ተጨመረ። ከዚያ ጥርሳቸው ተመረመረ። አቧራው የምግቡን ልዩነት አልሸፈነውም። ሣር የበላው ሣር የበላ መምሰሉን፣ ክሎቨር የበላው ክሎቨር የበላ መምሰሉን ቀጠለ። በግ አጋዘን አይደለም፣ ያ ይታወቃል። ግን ሁለቱም አመንዣኪ ናቸው፤ አፋቸው ውስጥ ያለው ሥራም ይቀራረባል።

ደግሞ ጭረቱን በሙሉ የሠራው አቧራ ነው ብለን እንቀበላቸው። ከዚያስ? አቧራ በየቦታው እኩል አይገኝም። ከሰው ቁመት በላይ ካለ ቅጠል ይልቅ ከመሬት ጠጋ ያለ ተክል ላይ ይበዛል። ከርጥብ ጫካ ይልቅ ገላጣ ደረቅ መሬት ላይ ይበዛል። ጥርሱ አቧራ ብቻ ቢመዘግብ እንኳ እንስሳው ጎንበስ ብሎ ይበላ እንደነበርና አካባቢው ገላጣ እንደነበር ይጠቁማል። ጥያቄያችን ስለ መኖሪያው ጭምር አልነበረም እንዴ?

ሁለት ሰው፣ ሁለት ቁጥር

እዚህ ላይ ልክ ናቸው። በዓይን መቁጠር ከሰው ሰው ይለያያል። የአንዱን ተመራማሪ ቁጥር ከሌላው ጋር ዝም ብሎ ማደባለቅ አደገኛ ነው። በ2000ዎቹ ውስጥ የጥርሱን ገጽ በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ በሦስት ልኬት ማንሳትና ሸካራነቱን በኮምፒዩተር ማስላት የተጀመረውም በዚህ ምክንያት ነው። ጸሐፊው የድሮውን ዘዴ ነቅፈው ስለ አዲሱ ምንም አለማለታቸው ነው የገረመኝ።

አፈር ውስጥ የቆየ ኬሚስትሪ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሸነፍ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ስጋቱ ተፈጥሯዊ ነው። አፈር ውስጥ የተቀበረ ነገር ይለወጣል። አጥንት በእርግጥም ይለወጣል፤ ቀዳዳ የበዛበት ነው፣ ሩብ ገደማው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ክሪስታሎቹም ደቃቅ ናቸው። ኢናሜል ሌላ ነው። 96 ከመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። ክሪስታሎቹ ትልልቅና የተጠጋጉ ናቸው። ውሃም ሆነ ባዕድ ነገር በቀላሉ አይገባበትም። ለዚህ ነው ምርመራው አጥንቱን ትቶ ጥርሱን የሚመርጠው።

አመኑም አላመኑም መፈተሻ አለ። ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና የቀዝቃዛ አገር ሣሮች ሲ-3 የሚባሉ ተክሎች ናቸው። የካርቦን አይሶቶፕ መለኪያቸው፣ ማለትም ከባዱ ካርቦን ከቀላሉ አንጻር ያለው ድርሻ ከአንድ መነሻ ሲለካ፣ በአማካይ ከዜሮ በታች 27 በሺህ ገደማ ነው። የሞቃት አገር ሣሮች ሲ-4 ናቸው፤ እነሱ ከዜሮ በታች 12 ወይም 13 አካባቢ ናቸው። ወደ ትልልቅ ተክል በል እንስሳት ኢናሜል ሲገባ ቁጥሩ በ14 ገደማ ከፍ ይላል። እንግዲህ ቅጠል በሉ ከዜሮ በታች 13 አካባቢ ይውላል፣ የሞቃት አገር ሣር የጋጠው ከዜሮ ትንሽ ከፍ ይላል። የዛሬን እንስሳ ከጥንቱ ጋር ሲያነጻጽሩ ደግሞ ማስተካከያ ይጨመራል፤ ከሰል እና ነዳጅ ማቃጠላችን የአየሩን ካርቦን ራሱን በ1.5 ገደማ ዝቅ አድርጎታልና።

አሁን አንድ ቦታ፣ አንድ ንብርብር፣ ሁለት እንስሳ አስቡ። ፍሎሪዳ ውስጥ በበረዶው ዘመን መጨረሻ የኖሩ እንስሳት ጥርስ በ1990ዎቹ ተመርምሯል። ነጭ ጅራት አጋዘን እንደ ቅጠል በል ወጣ። በዚያው ዘመን የነበረው ማሞዝ ደግሞ የሞቃት አገር ሣር በብዛት የበላ ሆኖ ወጣ። ሁለቱም የተቀበሩት በአንድ አገር አፈር ነው። አፈሩ ኬሚስትሪያቸውን ቀይሮት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ወደ አንድ ቁጥር በተጠጉ ነበር። አልተጠጉም።

ሌላም አለ። ጥርስ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ሥሩ ነው የሚሠራው። ኢናሜሉን ከላይ እስከ ታች በቀጭን በቀጭን መስመር እየቦረቦሩ ናሙና ቢወስዱ፣ የኦክሲጅኑ ቁጥር ከፍ ዝቅ እያለ ሞገድ ይሠራል። ያ ሞገድ በጋና ክረምት ነው። እንስሳው የጠጣው ውሃ ከወቅቱ ጋር ይለዋወጣልና። አፈር ይህን ካበላሸው ሞገዱን ያስተካክለዋል፣ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። በጋና ክረምትን አሳምሮ የሚሠራ አፈር ግን እስካሁን አልታየም።

ጸሐፊው ያልጠቀሱት እውነተኛ ድክመት ግን አለ፤ እኔ ላንሳላቸው። የአጋዘን አገር በሆነው በአብዛኛው አውሮፓ ሣሩም ቅጠሉም ሲ-3 ነው። ስለዚህ በጀርመን ወይም በአየርላንድ ካርቦን ብቻውን ሣር በልን ከቅጠል በል አይለይም። ያኔ ሥራው ለጭረቱና ለጫፉ ቅርጽ ይተዋል። የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ደግሞ ግልገሉ ገና ወተት ሲጠባ ስለሚሠራ፣ የሚነግረው የእናቱን ወተት ጭምር ነው። ጥንቃቄ ያለው ተመራማሪ ዘግይቶ የሚሠራውን ሦስተኛውን ይመርጣል። ጽሑፉ አፈር አፈር ከሚል ይህን ቢጠይቅ ኖሮ መልስ ለመስጠት የበለጠ ይከብደኝ ነበር።

ከማዕዱ ወደ መኖሪያው

ጽሑፉ አንድ ቦታ ላይ ሣር በላ ማለት ሜዳ፣ ቅጠል በላ ማለት ጫካ የሚል ቀመር ለተመራማሪዎቹ ይሰጥና ይስቅባቸዋል። ቀመሩ በእርግጥ ያስቃል። ጫካ መሀል ባለ ገላጣ ቦታ ሣር ይበቅላል። ሰፊ ሜዳ መሀል የሚያልፍ ወንዝ ዳር ዳሩን ዛፍ ይዞ ይሄዳል። አንድ አጋዘን ከሁለቱም ሊበላ ይችላል።

ግን በአንድ አጋዘን አገር አይሣልም። የሚታየው በዚያ ንብርብር ያሉት ሣርና ቅጠል በሎች ሁሉ ናቸው። በአንድ አካባቢ ያሉት የሁሉም ዝርያዎች የጥርስ ቁመት አማካይ ከዝናብ መጠን ጋር እንደሚሄድ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሰፊው ሲሠራበት ቆይቷል። በዚሁ መንገድ የእስያና የአውሮፓ የ20 ሚሊዮን ዓመት የድርቀትና የእርጥበት ካርታ ተሠርቷል። ከምግብ ሳይሆን በቀጥታ ከመኖሪያ የሚመጣ ምልክትም አለ። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ሥር ብርሃን ያንሳል፣ አየሩም እንደልቡ አይዘዋወርም። እዚያ ሥር የሚበቅል ቅጠል ካርቦኑ ከተለመደው በጣም ዝቅ ይላል፤ ከዜሮ በታች ከ31 በሺህም ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ የበላ አጋዘን ይህን በጥርሱ ይይዘዋል። ሲ-4 በሌለበት አውሮፓ ካርቦን ዋጋ የሚያገኘው በዚህ በኩል ነው። የስትሮንቲየም አይሶቶፕ ደግሞ ከድንጋዩ ዓይነት ጋር ስለሚለያይ እንስሳው ከቦታ ቦታ መጓዙን ይናገራል።

ያ ትልቅ ቀንድ

ግዙፉ አጋዘን፣ ሜጋሎሴሮስ፣ ማንንም ያፈዝዛል። ትከሻው ድረስ ወደ 2 ሜትር፤ ቀንዱ ከጫፍ ጫፍ እስከ 3.5 ሜትር። ጸሐፊው ይህን አይተው መኖሪያውን ወሰኑ።

መጀመሪያ፣ ሴቶቹ ቀንድ የላቸውም። እነሱን የት እናኑራቸው? ወንዶቹም ቢሆኑ ቀንዳቸው በየዓመቱ ይረግፋል፤ ወራትን ያለ ቀንድ ይከርማሉ። ሁለተኛ፣ ሙስ የሚባለው አጋዘን ዛሬም በሕይወት አለ። የትልቁ ወንድ ቀንድ ወደ 2 ሜትር ሊዘረጋ ይችላል። የሚኖረው ደግሞ በሰሜኑ ጫካ ውስጥ ነው፤ የቁጥቋጦ ቀንበጥና የውሃ ውስጥ ተክል እየበላ። ቀንድ መኖሪያን አይወስንም።

ጥርሱ ግን ብዙ ተናግሯል። በ2009 በወጣ ጥናት የአየርላንድ ግዙፍ አጋዘኖች ጥርስ በተርታ ናሙና ተወስዶበት ካርቦንና ኦክሲጅኑ ተለካ፤ በሥሩ ላይ ያለው የሴመንተም፣ ማለትም የጥርስን ሥር የሚሸፍነው ነገር፣ ንብርብርም ተቆጥሮ ሲሞቱ የነበራቸው ዕድሜ ተገመተ። በ2018 ደግሞ ከሰሜን ባሕር ወለል በወጡ መንጋጋ ጥርሶች እጥፋት ውስጥ ተሰንቅሮ የቀረ የምግብ ቅሪት ተገኘ። በውስጡ የአበባ ብናኝ ነበር፤ አሪቲ የሚመደብበት የአርቴሚዥያ ወገን ጭምር። እንግዲህ ይህ ገላጣ መሬት ላይ የሚበቅል ተክል ነው። ለዚያ ቦታና ለዚያ ዘመን ጸሐፊው መልሱን አግኝተውታል ማለት ይቻላል። የሄዱበት መንገድ ግን ሌላ ጊዜ ገደል ይከታቸዋል።

በቀንዱ ጠፋ ስለሚለው ደግሞ፣ ጊዜው አይገጥምም። ይህ ዝርያ ከ400,000 ዓመት በፊት ገደማ ጀምሮ ነበር። ሙቀትና በረዶ እየተፈራረቁ ሲመጡ ከነቀንዱ አልፏቸዋል። ከአየርላንድ የጠፋው የበረዶው ዘመን ሊያበቃ ሲል በመጣው ድንገተኛ ብርድ አካባቢ ነው፤ ከዛሬ 12,900 እስከ 11,700 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ። በምዕራብ ሳይቤሪያ ግን እስከ 7,700 ዓመት በፊት ድረስ ኖሯል፤ ይህም በ2004 ታትሟል። በሁለቱ መካከል ብዙ ሺህ ዓመት አለ፤ ቀንዱ ግን ያው ነው። አንዱን ያጠፋው ሌላውን ለምን እንዳቆየው ከቀንዱ መልስ አይገኝም። የሳይቤሪያዎቹን የመጨረሻ ጥርሶች ከአየርላንዶቹ ጎን አስቀምጦ፣ ወቅቱን በኦክሲጅን፣ ምግቡን በጭረትና በጫፉ ቅርጽ ማየት ይጠይቃል።